ያልተጠየቀ ጥናት በቤት ወፎች ጠባይ ላይ

የዚህ ጥናት ዓላማ በሰው ቤት የሚኖሩ ወፎችን በየጠባያቸው መድቦ ማቅረብ ነው። ጥናቱን ያዘዘ አካል የለም። አበል አልተከፈለበትም፤ አውደ ጥናትም አልተጠራበትም። በመሆኑም የሻይ ዕረፍት በግኝቱ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም። አስፈላጊነቱን በተመለከተ፣ ሰው የጎረቤቱን ጠባይ ጠዋት ማታ እያጠና የጎረቤቱን ወፍ ግን በአንድ ፈገግታ ማለፉ እንደ ክፍተት ተወስዷል። ክፍተት ከተገኘ ጥናት ይደረጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወፎቹ የተመዘገቡት በዚያው ስለሆነ ነው።

በቅድሚያ የጥናቱን ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። የቤት ወፍ ማለት፣ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል፣ ባለቤቱ ሊበላው ያላሰበ፣ ወፉም ይህንን የተረዳ ወፍ ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ዶሮ ከጥናቱ ውጭ ሆኗል። ዶሮ ጠባይ የለውም ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም አውራ ዶሮ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልግ ነበር፤ ተጀምሮም ነበር። ሆኖም የፋሲካ ዕለት ናሙናው በ12 ብልት ተመድቦ ተገኘ፤ ምደባውም የአጥኚው አልነበረም። ርግብም ተትታለች። ጣሪያ ላይ ያረፈች ርግብ የማን እንደሆነች ሁለት ጎረቤታሞች እስኪስማሙ የሚጠብቅ ጥናት አያልቅም።

የመረጃ አሰባሰቡ ዘዴ ምልከታ ነው፤ ይኸውም ቡና ሲጠሩ ሄዶ መቀመጥ። በዚህ ዘዴ የተገኘ መረጃ በአቦል ላይ አስተማማኝ ነው፤ በቶና ላይ ማጣራት ይፈልጋል፤ በረካ ላይ ሲደርስ ስለ ወፉ መሆኑ ቀርቶ ስለ ባለቤቱ የመሆን ዝንባሌ ያሳያል። ጥናቱ የበረካውን መረጃ አልጣለውም፤ ምክንያቱ በኋላ ይታያል።

ከናሙናዎቹ ቀዳሚው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው። መልኩ እንደ ስሙ ነው፤ ጅራቱ ብቻ ቀይ። አገሩ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነስቶ ኮንጎን የሚያካልለው ጫካ ነው። እንደ በቀቀን ወገን ሁሉ ሁለት ጣቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለሚዞር ምግቡን ጨብጦ ወደ አፉ ያነሳል፤ እያላመጠም እንግዳውን ትኩር ብሎ ያያል። እንግዳው «ይህ ወፍ እየታዘበኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ትክክል ነው። በደንብ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት ስለሚኖር በብዙ ቤት በቀቀን ከሚገዛ ይልቅ ይወረሳል። በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የሳይትስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ጉባኤ ከዱር የተያዘውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መነገድ ተከልክሏል። ጥናቱ የዚህን ናሙና ወረቀት ለማየት ጠይቆ ቡና ተቀድቶለታል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ እንበላቸው፤ ስማቸው ለጥናት ሥነ ምግባር ሲባል አይጠቀስም፣ ሰፈሩ ግን ያውቃቸዋል። ጋሼ ወፉን እንደተረከቡ የትምህርት ዕቅድ አወጡ፤ በመጀመሪያው መንፈቅ «እንኳን ደህና መጡ»፣ በሁለተኛው «ጤና ይስጥልኝ»፣ ከዚያ ወዲያ ፊደል። ማለዳ ማለዳ ከሽቦው ቤት ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ቃሉን ደጋግመው ሲያነቡለት ይሰማ ነበር። ወፉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ማዳመጡን ማንም አልካደም።

ዋናው ምልከታ የተደረገው መብራት በጠፋበት አንድ ማታ ነው። የጋሼ ሚስት እትዬ ሻማ ለኩሰዋል፤ ሊጡ ተከድኗል፤ ምጣዱ በግማሽ ሥራ ቀዝቅዟል። ልጆቹ የስልካቸውን ባትሪ እያዩ ተኮራምተዋል። ከጥጉ፣ ነጠላ ከተጣለበት የሽቦ ቤት ውስጥ፣ «መጣ! መጣ! ኧረ መጣ!» የሚል የትንሹ ልጅ ድምፅ አስተጋባ። ትልቋ ልጅ ቻርጀሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ሮጠች። እትዬ የምጣዱን ሶኬት ሰኩ፤ አክንባሎውንም አነሱ። ጋሼ ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ጨለማው ባለበት ነበር። ትንሹ ልጅ አፉን ገጥሞ ከአጥኚው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከነጠላው ሥር ወፉ ቀስ ብሎ አፏጨ። እትዬ ሶኬቱን እየነቀሉ «ይኼ ሰይጣን፣ ዛሬም ሸወደን» አሉ። «ዛሬም» የሚለው ቃል በመረጃነት ተይዟል።

ጋሼ ነገሩን በወፉ ድንቁርና ሊያስረዱ ይሞክራሉ። ጥናቱ በአክብሮት ይለያል። በቀቀን በቃና የቀዘቀዘ ቃል አይይዝም። የሚይዘው ግለት ያለውን፣ ተከትሎትም አንድ ነገር የሚሆንበትን ድምፅ ነው። ጋሼ «እንኳን ደህና መጡ» ባሉ ቁጥር የመጣ ሰው የለም። «መብራት መጣ» ሲባል ግን ቤተሰቡ በሙሉ ባንድ አፍ ይጮኻል፣ ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ይሳሳቃል። ወፉ ከሁለቱ የትኛው ቃል እንደሚሠራ ለይቷል። ከዚያም አልፎ ቃሉ ያለ መብራትም እንደሚሠራ ደርሶበታል፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

ይህን ወፍ ከኛ በፊት አበል የተከፈላቸው ሰዎችም አጥንተውታል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የእንስሳት መደብር አሌክስ የተባለውን በቀቀን ገዙ። መርጠሽ ነው እንዳይባሉ ወፉን የመደብሩ ሠራተኛ እንዲያወጣላቸው አደረጉ። አሌክስ ፊት ለፊት አልተማረም። ሁለት ሰዎች ከፊቱ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ የመለሰው ይሸለማል፤ ወፉ ዳር ቆሞ በቅናት ይማራል። ጋሼ ይህ ሲነገራቸው ለ30 ዓመት ክፍል ውስጥ ያስተዋሉት መሆኑን ተናግረዋል። በዚህ ዓይነት ወፉ 50 ያህል ዕቃ በስሙ፣ ሰባት ቀለም፣ አምስት ቅርጽ ለየ፤ እስከ ስድስት ቆጠረ፤ የሌለውንም ነገር «የለም» ለማለት ቻለ።

ስለ ጠባይ የሚነግረን ግን ሲሰለቸው ያደርገው የነበረው ነው። ይህ ዕቃ ቀለሙ ምንድን ነው ሲባል የሚያውቃቸውን ቀለሞች በሙሉ ይደረድራል፤ ከትክክለኛው በስተቀር። ትክክለኛውን መልስ የማያውቅ ሰው አልፎ አልፎ እንኳ ይመታዋል፤ ሁልጊዜ ለመሳት ማወቅ ግድ ነው። ታናናሾቹ በቀቀኖች ሲማሩም ከጎን ሆኖ «በደንብ ተናገር» እያለ ይገሥጻቸው ነበር። አሌክስ በመስከረም 2007 በ31 ዓመቱ ሞተ፤ ከዋዜማው ማታ ለተመራማሪዋ እንደ ወትሮው ነገ እንገናኝ ብሎ ነበር የተለያቸው።

ግራጫው በቀቀን ክፉ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ እንዳይደረስ አንድ ተጨማሪ ነገር መቅረብ አለበት። በካናሪ ደሴቶች የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ሁለት በቀቀኖችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ለአንዱ በለውዝ የሚመነዘር ብረት ተሰጠው፤ መመንዘሪያው ቀዳዳ ግን በእሱ በኩል ተዘጋ። ብረት የሌለው ጎረቤቱ ቀዳዳው ክፍት ነው። ግራጫዎቹ ብረቱን በመሐል ባለው መስኮት አሳልፈው ሰጡ፤ ጓደኛቸው ላልሆነ ወፍም ሳይቀር፣ መልሶ ይሰጠኛል የሚል ዋስትና በሌለበት። ማካው የሚባሉት ትልልቆቹ የደቡብ አሜሪካ በቀቀኖች በዚሁ ፈተና ብረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ዕቁብ ለመጀመር ያሰበ ሰው አባላቱን ሲመርጥ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

መልካም ጠባይ ግን ከመልካም አፍ ጋር አብሮ እንዲኖር አይገደድም። በዚያው በ2020 በእንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር የሚገኝ የዱር እንስሳት ፓርክ አምስት ግራጫ በቀቀኖችን ከተለያዩ ባለቤቶች ባንድ ሰሞን ተረከበ፤ ለጥንቃቄም አንድ ክፍል ውስጥ አቆያቸው። እያንዳንዱ ከየቤቱ ይዞት የመጣው ስድብ ነበር፤ እዚያም ተለዋወጡት። አንዱ ሲሳደብ ሌላው የሰው ሳቅ ይስቃል፤ ጎብኚው ደግሞ በሁለቱም ይስቃል፤ ወፎቹም ይበረታሉ። ፓርኩ መፍትሔ ያለውን ወሰደ፤ አምስቱን ለያይቶ በተለያዩ መንጋዎች ውስጥ በተናቸው። ተሳዳቢ ሠራተኛ ከአንድ መምሪያ ወደ ሌላ መምሪያ ሲዛወር የሚሆነውን ያየ አንባቢ ፓርኩ በኋላ የገለጸውን ስጋት መገመት አያቅተውም፤ ፓርኩ በሙሉ ተሳዳቢ እንዳይሆንበት ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1845 ሲሞቱ በቀብራቸው ላይ ከተገኙት አንዱ በቀቀናቸው እንደነበር፣ በሥርዓቱ መካከል ሳያቋርጥ ስለተሳደበም ተይዞ እንደወጣ ተጽፏል። የተሳደበው በማን ድምፅ እንደሆነ መጠየቅ ለሟች ቤተሰብ ተገቢ ስላልመሰላቸው ይሆናል፣ አልተመዘገበም።

ሁለተኛው ናሙና ኮካቱ ነው፤ ነጭ፣ ጎፈሬውን እንደ ፈለገ የሚያቆምና የሚያስተኛ። በሰፈራችን አልተገኘም፤ ባለመገኘቱም ሰፈሩ ዕድለኛ ነው። ኮካቱ ፍቅር ይፈልጋል፤ ሲበዛ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ፎቁ በሙሉ እስኪሰማ ይጮኻል፤ ጮኾም ካልመጡለት የራሱን ላባ እየነጨ ራሱን ራቁቱን ያስቀራል። ከዚህ ወገን ስመ ጥሩው ስኖውቦል ነው። ይህ አሜሪካ የሚኖር ኮካቱ የሙዚቃውን ምት ጠብቆ እንደሚጨፍር በ2009 በሳይንስ መጽሔት ተረጋገጠ፤ በ2019 ደግሞ ማንም ሳያሠለጥነው 14 ዓይነት እንቅስቃሴ እንዳለው ተቆጥሮ ወጣ። ዝርዝሩ ውስጥ ራስ መነቅነቅ፣ እግር ማንሳት፣ ጎን ለጎን መወዛወዝ አለ። እስክስታ የለም። ይሁንና የተከፈተለት የኩዊንና የሲንዲ ላውፐር ዘፈን ነበር፤ ማሲንቆ አልቀረበለትም፣ ከበሮ አልተመታለትም፣ «እሰይ» ያለው ባልንጀራ የለም። ስለዚህ ውጤቱ የወፉን ሙሉ አቅም ያሳያል ለማለት ጊዜው ገና ነው።

ባጂ የሚባለው ትንሹ የአውስትራሊያ በቀቀን በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ተገኝቷል። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840 በሕይወት ወደ አውሮፓ ካመጣው ወዲህ በዓለም እንደሱ የተራባ የቤት ወፍ ጥቂት ነው። የመናገር ችሎታው እንዳይናቅ፣ በጊነስ መዝገብ ላይ 1,728 ቃላት ያውቅ የነበረው ፓክ የተባለ ባጂ ተመዝግቧል። የፀጉር ቤቱ ባጂ እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ምክንያቱም ዕድል አላገኘም። ከሴቶቹም ከማድረቂያውም መሐል የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ጊዜውን የሚያሳልፈው በመስታወት ፊት ነው። ከምንቃሩ በላይ ያለችው ሰማያዊ ቆዳ ወንድ መሆኑን ትመሰክራለች፤ ከመስታወቱ ውስጥ ያለውን ወፍ ሲያወራው፣ ሲስመው፣ ከጉሮሮው ጥሬ አውጥቶ ሊያጎርሰው ሲታገል ይውላል። ጥሬው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አንዲት ደንበኛ ካስካ ውስጥ ራሷን አግብታ፣ ፊቷን ከመስታወቱ ሳትነቅል፣ «ውይ ይኼ ወፍ፣ ራሱን እንዴት ቢወድ ነው!» ብላለች። አጥኚው ይህን ጽፎ ይዟል፤ አስተያየት አልሰጠም።

ካናሪን በአጭሩ እናልፋለን፤ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አይነኬ ነው፤ አያወራም፤ ወንዱ ይዘምራል፣ ላባውን ሲቀይር ደግሞ ዝም ይላል፤ ለባለቤቱ ሲል ያደረገው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ይልቅ ስለ ሳንባው ማንሳት ይጠቅማል። ወፍ ሲያስገባም ሲያስወጣም አየሩን ስለሚጠቀምበት መርዝ ከሰው ቀድሞ ይገባዋል። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር፤ ወፉ ከቆመበት ከወደቀ ሰው ይወጣል። በኛ ሰፈር ካናሪው ያለው ከሰል የተያያዘበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ መስኮት የተዘጋበት የቡና ቤት ውስጥ ነው፤ ወድቆ ቢታይም ሰዎቹ በረካውን ሳይጠጡ ይወጣሉ የሚል ማስረጃ የለም። ጥናቱ የሽቦው ቤት ወደ መኝታ ቤት እንዲዛወር በቃል ሐሳብ አቅርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። በዚያው ቀን አቮካዶ ለቤት ወፎች መርዝ መሆኑን አንስቶ ግን አልተሳካለትም፤ አቮካዶ ክፉ ነው የሚል ሰው በአዲስ አበባ የሚያምነው የለም።

አሁን ወደ ፍቅረኞቹ እንመጣለን። ላቭበርድ የምንላቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣብቀው የሚውሉት ትንንሽ በቀቀኖች፣ በከተማችን በገንዘብ ይሸጣሉ። ፊታቸው እንደ ኮክ የቀላው ዝርያ ከናሚቢያ በኩል ነው፤ አንገታቸው ብርቱካናማው ከታንዛኒያ። በአንጻሩ ጥቁር ክንፍ ያለው የደጋችን ላቭበርድ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በተፈጥሮ የትም የማይገኘው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሾላ ላይ ተቀምጦ ፍሬ ይበላል። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት። በሳይንስ ስሙ ላይ ታራንታ የሚለው የገባው ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው የታራንታ በር ምክንያት ነው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረውም በ1814 ነው። ግንባሩ ቢጫ የሆነው ሌላው በቀቀናችን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ጭራሽ የለም። ሰው ግን ከበላዩ የሚጮኸውን ቀና ብሎ ሳያይ በሥሩ አልፎ ከሱቅ የናሚቢያውን ይገዛል፤ ሽቦም ይገዛለታል፤ «አይ ጉድ፣ የውጭ ነገር!» እያለም ለእንግዳ ያሳየዋል። የሾላው ወፍ በዚህ ቅር የተሰኘ አይመስልም። ጥናቱም ይህ አሠራር በወፉ በኩል እንዳይለወጥ ይመክራል።

የኮክ ፊቷ ሴት ላቭበርድ አንድ የታወቀ ልማድ አላት። ጎጆ ልትሠራ ስታስብ ወረቀት ወይም ልጥ በምንቃሯ ጫፍ ጫፉን እየበሳች በቀጭኑ ትተለትላለች፤ ትልታዩንም እንደ ሌላ ወፍ በአፏ አትይዝም፤ ከጀርባዋ ላባ መሐል ሽጣ ነው የምትሄደው። የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ እንዲህ ያለች ወፍ አለቻቸው። አንድ እሑድ አባላት ተሰብስበው መዝገቡ ሲገለጥ አንዱ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ስፋት ተቆርጦ የለም። ገጹ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ የተጻፈበት ነበር። ዝምታ ሆነ። ያልከፈሉት ሁለት ሰዎች ከሁሉ ቀድመው ተቆጡ። ጸሐፊው ምለው ተገዝተው ሊያበቁ ሲሉ ወፏ ከመጋረጃው ዘንግ ወደ ቁም ሣጥኑ ተሻገረች፤ ከጅራቷ በላይ የተሻጠ ወረቀት ነበር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተከፈ» የሚል ይነበብበታል። ቀሪው «ለ» ይሁን «አልተከፈለም» ከሚለው የተቆረጠ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። ባልና ሚስቱ ወፎች በዚያ ወረቀት ላይ አራት እንቁላል ጥለዋል።

በቀቀን ያልሆኑም ወፎች መጠቀስ ስላለባቸው አንድ ብቻ እናንሳ። ሞዛርት በግንቦት 27 ቀን 1784 ቪየና ውስጥ ስታርሊንግ የሚባል ወፍ ገዛ። የወጪ መዝገቡ ላይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ወፉ የሚያፏጨውን ዜማ ጭምር ጻፈ፤ ዜማው ሞዛርት በዚያው ሰሞን ከጨረሰው የፒያኖ ኮንቼርቶ የተወሰደ ነው፣ ጥቂት ተበላሽቶ። ሞዛርት ከጎኑ ያምር እንደነበር አሰፈረ፤ ደራሲ ሥራው ሲነካበት እንዲህ ያለ የትም አልታየም። በ1787 ግንቦት መጨረሻ ላይ አባቱ ሞቱ፤ ወደ ቀብሩ አልሄደም። ከሳምንት በኋላ ወፉ ሞተ፤ ለእሱ ግን አልቃሾች ተሰልፈው፣ ግጥም ተነብቦ፣ በወጉ ተቀበረ። ጉዳዩ በእድራችን ደንብ ሲታይ ሞዛርት ለአባቱ ባለመገኘቱ ቅጣት አለበት፤ ለወፍ ድንኳን ይሰጣል ወይ የሚለው ደግሞ በደንቡ ላይ አልሰፈረም፣ ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ ጥናቱ ከተነሳበት ዓላማ ጋር መጋጨቱን ማስታወቅ ግዴታ ነው። የወፍ ጠባይ ለመመዝገብ በተከፈተው ደብተር ውስጥ እየተጠራቀመ ያለው የሰው ጠባይ ነው፤ ያውም ሰውየው ዘግቶት የነበረው። ይህ የሚያመጣው የሕግ ጥያቄ አለ። በ2016 ኩዌት ውስጥ አንዲት ሚስት በቀቀኗ የደጋገመውን የፍቅር ቃል ባሏ ለቤት ሠራተኛዋ የተናገረው ነው ብላ ወፉን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ መሄዷን ጋዜጦች ዘግበው ነበር። ምስክርነቱ ተቀባይነት አላገኘም፤ ወፉ ቃሉን ከቴሌቪዥን ወይም ከሬዲዮ አለመስማቱ ሊረጋገጥ አይችልም ተባለ። ባሎች በቤታቸው ቴሌቪዥን እንዲኖር ለምን አጥብቀው እንደሚሹ ከዚህ ይገባል።

የመጨረሻው ናሙና የተገኘው በበረካ ላይ ነው። ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የሰፈር ልጅ፣ ወሬው ወደ ወፍ ሲዞር፣ ስኒዋን አስቀምጣ «ወፍ እኮ እኔን ጠይቁኝ» አለች። የነበረችበት ቤት ግራጫ በቀቀን ነበረው፤ እዚያ አገር ካስኮ ይሉታል። ሽቦውን የምታጥበው፣ ጥሬውን የምትሰፍረው፣ ውኃውን የምትቀይረው እሷ ናት። ወፉ ግን ድምፅ የወሰደው ከማዳም ነው። ልጅቱ ወጥ ቤት ሆና ከፎቅ ስሟ ይጠራል፤ «ያላ!» ይከተላል። እጇን ጠርጋ ደረጃውን ትወጣለች። ማዳም ተኝታለች፤ ወፉ በአንድ እግሩ ቆሞ ያያታል። ትመለሳለች፤ ይጠራታል። አንድ ቀን ማዳም የእውነት ስትጠራት ወፉ ነው ብላ ሳትሄድ ቀረች፤ የሆነውን አልነገረችንም፣ ቡናዋን ጨለጠች።

ከዚያ በኋላ በተጠራች ቁጥር ትወጣለች፤ ስትወጣም በየደረጃው ለራሷ ታጉተመትማለች። የምታጉተመትመው አንድ ነገር ነበር፤ «ድፍት ያድርግሽ!» ወፉ ላይ ስትደርስ ቃሉ ከትንፋሿ ጋር ይወጣል። ከላይ እንደተመለከተው በቀቀን የሚይዘው ግለት ያለውን ነው።

አንድ ዓርብ ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ልጅቱ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ወፉ ወደ ማዳም ዞሮ ጥርት ባለ የጎንደር አነጋገር «ድፍት ያድርግሽ!» አላት። ትሪው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ማዳም በጣም ተደሰተች፤ ወፏ አዲስ ቋንቋ ለምዷላ። «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጤና ይስጥሽ ማለት ነው» አለቻት።

ማዳም ቃሉን ወደደችው። አጠናችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሻይ ሲቀርብላት «ድፍት ያድርግሽ» ብላ ታመሰግናለች፤ እንግዳ ስትሸኝ በር ላይ ቆማ ትለዋለች፤ እናቷ ስልክ ስትደውልላት ሳይቀር። ልጅቱ ለተቀሩት ሁለት ዓመታት በቀን ስንት ጊዜ እንደተባለች አልቆጠረችም፤ መጀመሪያ ያማት ነበር፣ በኋላ ግን ማዳም የምትለው ከልቧ መሆኑን አየች።

ኮንትራቷን ጨርሳ በገባች በሳምንቱ በኢሞ ተደወለላት። የተተካችው የወሎ ልጅ ናት፤ ሻንጣዋን ገና አልፈታችም። ወፉ ከአንድ በኩል፣ ማዳም በፈገግታ እጇን ይዛ ከሌላ በኩል፣ በአማርኛ የተቀበሏት በዚያው ቃል ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ምን አድርገሽ ነው የሄድሽው?» አለቻት።

«አይዞሽ፣ ጤና ይስጥሽ ማለታቸው ነው። አንቺም እንደዚያው እያልሽ መልሺላቸው።»